የከይሪያ በረዶ

የአሰብን ሐምሌ የማያውቅ ሰው፣ አንዲት ሴት በአንድ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ ምክንያት አንገቷን ደፍታ ቀረች ቢሉት ይስቃል። ይሳቅ። ግን ከመሳቁ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ይቀመጥ፤ ነፋሱ ከበረሃው በኩል እሳት ይዞ ሲመጣ፣ የቧንቧው ውሃ እጅ ሲያቃጥል፣ የበሩ እጀታ ያለ ጨርቅ አልያዝ ሲል ይየው። ከዚያ ወዲያ የፈለገውን ያህል ይሳቅ።

ዓለምዘውድ አሰብ የገባችው ባሏን ተከትላ ነው። ባሏ ወልደየሱስ ወደብ ላይ ክሬን ያንቀሳቅሳል። እሷ ደሴ ላይ የሳይንስ አስተማሪ ነበረች፤ ግቢዋ በጽጌረዳና በዳሊያ የታጠረ፣ መንገደኛ ቆም ብሎ የሚያየው ግቢ ነበር። አሰብ ላይ ግን የነካችው ሁሉ ሞተባት። መሬቱ ጨው፣ ውሃው ጨው፣ ነፋሱም ጨው። የከባድ መኪና ሾፌሮችን እየለመነች፣ ከአዲስ አበባ ባዶውን በሚወርድ ተሳቢ ላይ ከኮምቦልቻ ጥቁር አፈር በማዳበሪያ ጆንያ አስጭና ግማሽ በርሜል ሞላች። እዚያም ላይ የተከለችው ደረቀ።

«አሰብ ላይ የሚያብብ ብረት ብቻ ነው፤» ይላል ወልደየሱስ፣ በረንዳው ላይ ተጋድሞ። «እሱም የሚያወጣው አበባ ዝገት ይባላል።»

ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ቀልድ ያውቀዋል። እሷ ግን ቀልድ አትወድም ነበር። በተለይ የተሸነፈችበትን ቀልድ።

በ1989 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ወንድሟ ይልቃል ሊጠይቃት ወረደ። ሆላንድ አገር እርሻ የተማረ ሰው ነው። ከሻንጣው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለሉ፣ የነጭ ሽንኩርትን ራስ የሚመስሉ ነገሮች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረላት።

«ሽንኩርት ይዘህልኝ መጣህ? እዚህ ሽንኩርት የጠፋ መሰለህ?»

«የሽንኩርት ዘመድ ነው እንጂ ለወጥ የሚሆን አይደለም። ለአበባው ነው የሚተከለው። ረጅም አገዳ ያወጣና ጫፉ ላይ የሕፃን ራስ የሚያህል ሐምራዊ ኳስ ይሠራል። በሰው አገር አመዳይ ተጋግሮበት ከርሞ ነው በጸደይ ብቅ የሚለው። ጠንካራ ነው።»

«አሰብን የሚችል ጠንካራ የለም።»

«ሙቀቱ አይገድለውም እኮ። ችግሩ ሌላ ነው። ብርድ አይቶ ካልወጣ አያብብም። ቅጠሉን ብቻ ያበቅልና ሲያሾፍብሽ ይከርማል።»

«ታዲያ ብርድ ከየት ላምጣለት?»

ይልቃል በአገጩ ወደ ማዕድ ቤቱ፣ ወደ ፍሪጁ አመለከታት። ራሶቹን እርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ ቀብራ፣ በተበሳሳ ላስቲክ አድርጋ ከታችኛው መደርደሪያ እንድታስቀምጣቸው ነገራት። ፍራፍሬ አጠገባቸው እንዳይደርስ፣ ብርዱም እንዳይቆራረጥ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ። «በሩን በየደቂቃው አትክፈቺው፤» አለ። ይህን ያለው እንደ ዋዛ፣ ጫማውን እያሰረ ነው። ዓለምዘውድ ግን እንደ ሕግ ያዘችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አሰብ ላይ ፍሪጅ ያለው ሰው ፍሪጁ የብቻው አይደለም። በዚያ ሰፈር ዓለምዘውድ ጋ ብቻ ነበር ደህና የሚሠራ ፍሪጅ። ጎረቤት ሁሉ ጠርሙሱን በቀለም ክር እያሰረ ያስቀምጣል፤ ቀይ ክር የእገሌ፣ አረንጓዴ ክር የእገሊት። በሩ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ አውቶቡስ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። ማንም ማንንም አያስፈቅድም። «ቤቶች!» ብሎ መግባት ነው፤ ጠርሙስ አንሥቶ፣ ባዶውን ሞልቶ፣ መርቆ መውጣት።

ከሁሉ የምትቀርባት ነጂባ ናት፤ አጥር የምትጋራት የአፋር ሴት። ባሏ ባሕር ላይ ነው የሚከርመው። በዚያ ክረምት እናቷ ከይሪያ ከባሕር ጠረፏ መንደር ከራሔይታ መጥተው ነጂባ ዘንድ ተቀምጠው ነበር። አሮጊቷ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። መስከረም ላይ ከአስመራ የዓይን ሐኪሞች መጥተው ሞራ ይገፋሉ ተብሎ ስለተወራ፣ እስከዚያ ድረስ ይጠብቃሉ። ከይሪያ አማርኛ አያውቁም፤ የሚያውቁት አንድ ቃል «በረዶ» ነው። ዕድሜያቸውን የባሕር ነፋስ የለመዱ ሰው ስለሆኑ የከተማው ወበቅ ያፍናቸዋል። ነጂባ በየከሰዓቱ ከፍሪጁ በረዶ ታወጣላቸዋለች፤ እሳቸው በጨርቅ ይዘው፣ እንደ ከረሜላ እየመጠጡ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ይላሉ።

«ይቺን ባታገኝ አንድ ቀን አታድርም ነበር፤» ትላለች ነጂባ። «እኔ ልጇ አይደለሁም የያዝኳት፤ ያንቺ ፍሪጅ ነው።»

ይልቃል በሄደ ማግስት ዓለምዘውድ ጠርሙሶቹን ሁሉ አውጥታ በረንዳው ላይ ደረደረቻቸው። መጀመሪያ የመጣችው ነጂባ ናት።

«ምነው ዓለሜ፣ ጠርሙሶቹ ፀሐይ ሊሞቁ ወጡ?»

«ፍሪጁ ተበላሸ።»

ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት። «ለሽንኩርት ብዬ በሩን ዘጋሁ» ማለት ከበዳት። ውሸቱ ቀላል ነበረ፤ አንድ ቃል ብቻ፣ ያውም የተለመደ ቃል። በዚያ ሙቀት የማይበላሽ ነገር አለ?

«ወይኔ!» አለች ነጂባ፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና። ለእናቷ አልነበረም የደነገጠችው። «ምስኪን! አሁን በዚህ ሙቀት ምን ልትሆኚ ነው?»

ዓለምዘውድ ያልቆጠረችው ነገር ደግሞ ነበረ። ሰፈሩ የቴክኒሻን ሰፈር ነው። የነዳጅ ማጣሪያው ሥራ ከቀዘቀዘ ወዲህ እጃቸውን የሚያሳክካቸው፣ የሚፈቱት ብሎን ያጡ ወንዶች በየበረንዳው ተቀምጠዋል። ወሬው ከተሰማ ሰዓት ሳይሞላ ክብሩ፣ የማቀዝቀዣ ሠራተኛው፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ ዓለም፣ በሽተኛው የት አለ?»

«አይ ክብሩ፣ ወልደየሱስ ሳይኖር አይነካም።»

«ምነው፣ ልንገርዘው ነው እንዴ አባት የሚጠበቀው?»

«ዋስትና አለው። ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል።»

«ዋስትና! የዚህን ፍሪጅ ዋስትና የሰጠው ጣሊያን ከሞተ ስንት ዘመኑ! ጋዙን ብቻ ልይላችሁ።»

በዚህ መሐል ማዕድ ቤት ውስጥ ሞተሩ ተነሣና ማጉረምረም ጀመረ። ክብሩ ጆሮውን አቀና።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የጎረቤት ቬንትሌተር ነው፤» አለችና ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ሰውየው በዜና ማሰራጫው ጩኸት ተገፍቶ ወጣ። ዓለምዘውድ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። ልቧ እንደ ሌባ ልብ ይመታ ነበር።

እንደ ሌባም መኖር ጀመረች። በገዛ ቤቷ ቀዝቃዛ ውሃ ለመጠጣት መጋረጃ ትዘጋለች። እንግዳ ሲመጣ ለብ ያለ ውሃ ታቀርብና እሷም አብራ ትጠጣለች፤ ፊቷን አጨማድዳ። ወልደየሱስ ሰልችቶት ነበር።

«ይሄ ፍሪጅ መቼ ነው የሚድነው?»

«ጥቅምት ላይ።»

«ሄደሽ ለነጂባ ንገሪያት እንግዲህ።»

«ምን ብዬ?»

«ያለውን ነዋ።»

«እናትሽን በሙቀት የፈጀኋት ለአበባ ብዬ ነው ልበላት?»

«እኔ እንዲያ በያት አላልኩም። አንቺው አልሽው።» ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

አንድ ቀን፣ ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ሰዓት፣ ነጂባ በላብ ተጠምቃ፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክማ ገባች። ወደቡ ዳር ካለው የዓሣ ማከማቻ፣ ለጀልባዎች ከሚሰጠው በረዶ ለምና ያመጣችው ነው። መሬት ላይ አስቀምጣ ጆንያውን ገለጠችውና በድንጋይ ለሁለት ፈለጠችው። ትልቁን ቁራጭ ወደ ዓለምዘውድ ገፋችው።

«ያዢ።»

«አይሆንም ነጂባ፤ ለእማማ ይሁን።»

«እናቴ የራሷ አላት። ስንት ዓመት ሙሉ ካንቺ ፍሪጅ ጠጣን? ዛሬ ያንቺ ሲሞት አላየሁም ልበል? አንቺ እኮ የደጋ ሰው ነሽ፤ እኛ ለምደነዋል። ያዢ እንጂ፣ ቆመሽ ስትከራከሪ ቀለጠ!»

ተቀበለችው። ምን ታድርግ? ነጂባ ስትወጣ የበረዶውን ቁራጭ በሳፋ ይዛ ማዕድ ቤቱ መካከል ቆመች። ፊት ለፊቷ ፍሪጁ ያጉረመርማል። አስገብታ እንዳታቆየው እጇ እምቢ አላት፤ እንዳትጠጣው ጉሮሮዋ። ሳፋው ውስጥ ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየችውና ውሃውን ወስዳ ባዶው በርሜል አፈር ላይ ደፋችው። አፈሩ ወዲያው መጠጠው።

ነጂባ ደጋግማ አመጣች። በየጊዜውም ትልቁን ቁራጭ ለእሷ ሰጠች። ዓለምዘውድ በየጊዜው «ዛሬ እነግራታለሁ» ትልና በረዶው እጇ ላይ ሲያርፍ አፏ ይዘጋል። ውሸት አንዴ ከተነገረ በኋላ እውነቱን ለማውጣት ጊዜ አለው። እሷ ያ ጊዜ ሲያልፍ ዓይኗ እያየ አሳለፈችው። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ማከማቻው በረዶውን ለጀልባዎች ብቻ አደረገ። ነጂባ ባዶ ጆንያዋን ይዛ መመለስ ጀመረች። ከይሪያ ጥላ ሥር አፋቸውን ከፍተው፣ እርጥብ ሻሽ ደረታቸው ላይ ጥለው ሲያለከልኩ በአጥሩ ቀዳዳ ይታያሉ። ዓለምዘውድ በዚያ ቀዳዳ በኩል ማየቱን ተወች።

አንድ ጠዋት ነጂባ ብቻዋን ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

«እናቴ ሄደች።»

«የት?»

«ራሔይታ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም፤ ሲነጋ የዓሣ መኪና ላይ አሳፍሩኝ ብላ አለቀሰች። ሐኪሞቹ ሊመጡ ጥቂት ቀርቷል ብላት፣ ዓይኔ ሳይበራ እዚህ ልሞትልሽ ነው ወይ አለችኝ። ምን ልበላት?»

 ነጂባ ከሄደች በኋላ ዓለምዘውድ ተነሣች። ጠርሙሶቹን ሁሉ ሞላች፣ ፍሪጁ ውስጥ እየገፋች ጠቀጠቀች፤ የራሶቹን ላስቲክ ጥግ ላይ አጣበቀችው። ይሙት፣ አለች በልቧ። ከዚያ በየበሩ እየዞረች ፍሪጁ መሠራቱን ተናገረች።

«ማን ሠራው?» አለ ክብሩ ተቆጥቶ። «ሰፈር ውስጥ እኔ እያለሁ?»

ነጂባ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ አቀፈቻት። ከልቧ ደስ ብሏት። ትንሽ ቆይታ፣ ዝግ ብላ፣ «ምናለ ትናንት ቢሠራ ኖሮ» አለች።

በዚያው ሳምንት በዓሣ አጥማጅ በኩል ወደ ራሔይታ መልእክት ተላከ፤ በረዶ ተገኝቷል፣ ተመለሺ። ከይሪያ መልሰው የላኩት ቃል አጭር ነበር፤ ከዚህ አልነቃነቅም። መስከረም ላይ ሐኪሞቹ መጡ። ሰው ተሰልፎ ዓይኑን አስገለጠ። ሐኪሞቹም ጨርሰው ሄዱ።

ዓለምዘውድ ላስቲኩን ረስታው ነበር ማለት አይቻልም፤ ላለማየት ነበር የምትሸሸው። በሩ እንደ ድሮው ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል፤ ጠርሙስ ይገባል፣ ጠርሙስ ይወጣል። ጥቅምት ሲያልቅ ልትጥላቸው ብላ አወጣቻቸው። ሰጋቱራውን ገለጥ ስታደርግ እያንዳንዱ ራስ ሥር አውጥቷል፤ ነጭ፣ ጠንካራ፣ ጤነኛ ሥር።

ያኔ ነው ማዕድ ቤቱ ወለል ላይ የተቀመጠችው። ቢሞቱ ኖሮ ቢያንስ ምክንያቷ እውነት ይሆን ነበር፤ በሩ ይዘጋ ያለችው አለነገር አልነበረም ትል ነበር። አልሞቱም። በሩ ከጠዋት እስከ ማታ እየተከፈተ፣ ከመጀመሪያውም ከነጂባ ጠርሙስና ከከይሪያ በረዶ ጋር ጎን ለጎን ሆነው ይከርሙ ነበር። የተዋሸው ውሸት ለአበባው እንኳ አላስፈለገውም።

ኅዳር ላይ ተከለቻቸው። መጣል አልቻለችም፤ እነሱን መጣል ጥፋቱን እንደ መቅበር መሰላት። የካቲት ላይ አገዳዎቹ ከበርሜሉ ወጡ፤ ጫፋቸው ላይ እንደ ጡጫ የተጨበጠ እምቡጥ ያዙ፤ ፈነዱም። እንደተባለው ነው። ከብዙ ትናንሽ ኮከቦች የተሰፋ ሐምራዊ ኳስ። ሰፈሩ ሊያይ መጣ። ወልደየሱስ ስለ ዝገቱ የሚለውን ቀልድ ዋጠው። ክብሩ ዝቅ ብሎ አሸተተና አፍንጫውን ያዘ።

«እትዬ ዓለም፣ ይሄ እኮ ጥሎበት ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል! ወጥ ላይ ቢገባስ?»

ሰው ሳቀ። ነጂባ ግን በርሜሉን ቀስ ብላ ዞረችው፤ እጇን ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው።

«እናቴ ዓይኗ በርቶ ይሄን ብታይ!» አለች።

ዓለምዘውድ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ነጂባ እናቷን ልትጠይቅ ስትነሣ፣ «እኔም እመጣለሁ» አለቻት። ከአበቦቹ ትልቁን ቆርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች። ፔርሙዝ ሙሉ የተሰባበረ በረዶም ያዘች። ለምን በረዶ እንደያዘች ብትጠየቅ ልትመልስ አትችልም ነበር፤ ባዶ እጇን መሄድ ነበር ያስፈራት።

ራሔይታ ነፋስ ነበር። ከይሪያ ጎጇቸው በር ላይ ኩታ ደርበው ተቀምጠዋል። ዓይኖቻቸው እንደ ወተት ነጥተው፣ ሰው የመጣበትን አቅጣጫ በጆሯቸው ይፈልጋሉ። ዓለምዘውድ ፊታቸው ተንበረከከች።

«ነጂባ፣ የምለውን ሳትቀንሺ ንገሪልኝ።»

«በይ።»

«ፍሪጁ አልተበላሸም ነበር። ይሠራ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳችሁ። ለዚህ አበባ ብዬ፣ ቦታ እንዳይጣበብበት፣ በሩ እንዳይከፈትበት ብዬ ዋሸሁ። በረዶ ያጡት፣ ሐኪም ሳያያቸው የሄዱት በእኔ ነው በያቸው።»

ነጂባ አልተንቀሳቀሰችም። ነፋሱ ሻሿን ፊቷ ላይ ይጥለዋል፤ እሷ አታነሣውም።

«እኔ ተሸክሜ ያመጣሁልሽን በረዶ ምን አደረግሽው?» አለች በመጨረሻ፣ በዝግታ።

«አልጠጣሁትም። ደፋሁት።»

«ደፋሽው!» ነጂባ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ብትጠጪው ይሻል ነበር። እናቴ ከአፏ ቀንሳ የሰጠችሽን መሬት ላይ ደፋሽው? አሁን ደግሞ ይሄን ለእናቴ ንገሪልኝ ትይኛለሽ? በእኔ አፍ?»

ከይሪያ የልጃቸውን ድምፅ ሰምተው አንድ ነገር ጠየቁ። ነጂባ ወደ እሳቸው ዞራ በአፋርኛ ተናገረች። አጭር ነበር። ዓለምዘውድ ከተናገረችው ሁሉ በጣም ያጠረ። አሮጊቷ እንደገና ጠየቁ፤ ነጂባ እንደገና መለሰች። ከይሪያ እጃቸውን ዘረጉ። ዓለምዘውድ አበባውን ሰጠቻቸው። በጣቶቻቸው ዙሪያውን ዳሰሱትና ሳቁ።

«ምን አሉ?»

«ጃርት ነው ወይ ትላለች።»

ፔርሙዙን ከፍታ በረዶ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ከይሪያ አንድ ጊዜ አፋቸው አድርገው ተፍ አሉት፤ ኩታቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ።

«ጥርሴን በላኝ ትላለች። አሁን ብርድ ነው። በረዶ የሚፈለገው በሐምሌ ነው፤ በሐምሌ ታምጣልኝ ትላለች።»

«አመጣለሁ በያቸው።»

ይህንን ነጂባ ወዲያው ተረጎመችው።

ሲመለሱ ፒካፑ ላይ ከዓሣ ቅርጫቶቹ መካከል ተቀመጡ፤ ነጂባ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?» አለች ዓለምዘውድ።

 መኪናው ብዙ ተጓዘ።

«ነጂባ፣ እባክሽ። ነገርሻቸው ወይስ ሸፈንሽልኝ?»

«እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖርሽ?» አለች ነጂባ፣ ሳትዞር። «ስንት ዓመት ቤትሽ ገባሁ፣ ወጣሁ? አንድ ቃል ታውቂያለሽ? እኔ ያልኩትን ማወቅ ከፈለግሽ አፋርኛ ተማሪና ራስሽ ጠይቂያት።»

ዓለምዘውድ ተማረች። ዓሣ የምታዞር የአፋር ሴት በየጠዋቱ ደጃፏ ላይ እያስቀመጠች፣ ከሰላምታ ጀምራ፣ ጮክ እያለች ታጠናለች። ነጂባ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ስታሰጣ ትሰማታለች፤ ስትሳሳት ከዚያው ሆና ታርማታለች። ከእርማቱ ሌላ ግን አንድ ቃል አትናገራትም፤ ጠርሙስም አታመጣም። መጋቢትና ሚያዝያ እንዲህ አለፉ። ግንቦት ላይ ውሃ፣ ዓይንና በረዶ የሚሉትን ለይታ አውቃ፣ «ምን ብላ ነገረችዎት?» የሚለውን አንድ ላይ ለመግጠም ስትታገል የሁለቱ አገሮች ጦርነት ተነሣ። ሐምሌ ሲገባ እሷና ወልደየሱስ ከአሰብ ወጥተው ደሴ፣ ዘመድ ቤት፣ ኮርኒሱን የሚደበድበውን ዝናብ እየሰሙ ተቀምጠው ነበር፤ ወደ ራሔይታ የሚወስደው መንገድም ለእሷ ተዘግቶ ነበር።